ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ፤ አማካሪ ልቅጠር?

ጥያቄ፦ የትዕዛዝና የዕቃ ክምችት መቆጣጠሪያ ሲስተም አለን። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ላለፉት አራት ወራት በጣም እየተንቀራፈፈ ነው። በተለይ ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ወር መጨረሻ ላይ ስታክ ያደርጋል። የሰርቨሩን ራም ከ32 ወደ 64 ጊጋባይት አሳደግን፤ ምንም ለውጥ የለም። ፕሮግራመሮቹ «ችግሩ ሰርቨሩ ነው» ይላሉ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ልጅ ደግሞ «ችግሩ ኮዱ ነው» ይላል። እኔ የቴክኒክ ሰው አይደለሁም። በግሉ የሚሠራ አማካሪ ለመቅጠር አስቤያለሁ። እንዴት ልምረጥ? እንዴት ልክፈል? የደንበኞቻችን መረጃ ያለበትን ሰርቨር ለማላውቀው ሰው መክፈትስ አያስፈራም?

ምላሽ፦ ይቅጠሩ። ግን ዛሬ አይደለም። መጀመሪያ የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ አለብዎት።

ይህን ሥራ በሁለቱም በኩል ሠርቼዋለሁ። ተቀጥሬ የሰው ሰርቨር መርምሬአለሁ፤ ቀጣሪ ሆኜም ሌላ አማካሪ አስገብቻለሁ። ባየሁት ልክ፣ ገንዘብ የሚባክነው መጥፎ አማካሪ ስለተገኘ ብቻ አይደለም። ቀጣሪው የሚገዛውን ነገር ሳያውቅ ስለሚገዛ ነው። እርስዎ ፍጥነት የሚገዙ ይመስልዎታል። መጀመሪያ የሚገዙት ግን ምርመራ ነው። ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም በራሳችሁ ልጆች እጅ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ።

ከራሙ ልጀምር፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር ነውና ያንገበግባል። ማይኤስኪውኤል ሰርቨሩ ላይ ራም ስለተጨመረለት ብቻ አይጠቀምበትም። ዳታውን የሚያስቀምጥለትና የሚያወጣለት ኢኖዲቢ የሚባል ሞተር አለው፤ የዚህ ሞተር ራም ላይ የሚቀመጠው ክፍል ኢኖዲቢ በፈር ፑል ይባላል። በብዛት የሚነካውን ዳታ እዚያ ያስቀምጥና ዲስክ ድረስ ሳይሄድ ይመልሳል። የዚህ ክፍል መጠን፣ ማንም ካልቀየረው፣ 128 ሜጋባይት ነው። አዎ፣ ሜጋባይት። ሰርቨሩ ለዳታቤዙ ብቻ የተመደበ ከሆነ ከራሙ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ለዚህ ክፍል መስጠት የተለመደ ነው። እናም 64 ጊጋባይት ገዝታችሁ ዳታቤዙ አሁንም በ128 ሜጋባይት እየኖረ ሊሆን ይችላል። ወይም አንድ ሰው ድሮ ለ32 ጊጋባይት ብሎ ያስተካከለው ቁጥር እንዳለ ቀርቶ ይሆናል። ልጁን ዛሬውኑ «በፈር ፑሉ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ትንሽ ሆኖ ከተገኘ፣ ስሪታችሁ 5.7 ወይም ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ ሰርቨሩን ሳታጠፉ ማሳደግ ይቻላል። በዚህ ከተስተካከለ እሰየው፤ አማካሪም አያስፈልግዎትም። ቁጥሩ ከመጀመሪያውም ትልቅ ከነበረ ደግሞ ችግሩ ራም አልነበረም ማለት ነው። ይህንን ለአማካሪው ይንገሩት፤ ጊዜ ይቆጥብለታል።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እናንተ አልደበቃችሁትም፤ ግን «ይንቀራፈፋል» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የምትጠሩት። ይህ ለሐኪም «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ስለዚህ ለሦስት ወይም ለአራት ሠራተኞች ደብተር ይስጧቸው። ሲስተሙ በተንቀራፈፈ ቁጥር ይጻፉ፦ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ገጽ ላይ፣ ምን ሲጫኑ፣ ስንት ሰከንድ ቆየ። በስልክ ሰዓት ቢለኩትም ይበቃል። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ «ሲስተሙ» የሚለው ነገር ወደ አራት ወይም አምስት ገጾች ይወርዳል። ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ነው ሲባል ኖሮ ቀርፋፋው ጥቂት ነገር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው እሱን ተከትሎ ነው የሚንቀራፈፈው።

ጎን ለጎን ልጁ ስሎው ኩዌሪ ሎግ የሚባለውን መዝገብ ይክፈት። ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ ከሚልካቸው ጥያቄዎች (ኩዌሪ ከሚባሉት) ጊዜ የፈጁትን ዳታቤዙ ራሱ የሚመዘግብበት ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ከመጀመሪያው ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቢከፈትም «ቀርፋፋ» የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ነው። ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ ገጽ ሠራተኛን ያናድዳል፤ መዝገቡ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ ወደ አንድ ሰከንድ ያውርደው። አንድ ትንሽ ወጥመድ አለች፦ አዲሱ ቁጥር የሚሠራው አዲስ ለሚገናኙት ነው። አፕሊኬሽኑ ቀድሞ የከፈታቸው ግንኙነቶች በአሮጌው ቁጥር ይቀጥላሉ። «ከፈትነው፣ ምንም አልተመዘገበም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሦስተኛው የቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከአራት ወር በፊት ምን ተለወጠ? አዲስ ሪፖርት ተጨመረ? አዲስ ስሪት ተጫነ? የባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) ሰዓት ተቀየረ? የድሮ ዳታ ከሌላ ቦታ ገባ? «ምንም አልተለወጠም» የሚል መልስ ይሰጥዎታል። ሁልጊዜ ነው የሚሰጠው። ደግመው ይጠይቁ።

እርስዎ የነገሩኝ ሁለት ሰዓቶች፣ ጠዋትና ወር መጨረሻ፣ ብዙ ነገር ይናገራሉ። ሰርቨራችሁን ሳላይ «ይሄ ነው» አልልም። ቆይቼ «ሳያይ ከሚመልስ ሰው ይሽሹ» ስለምልዎት ራሴ ልጥሰው አይገባም። ግን የት የት እንደሚታይ ላሳይዎ፤ አማካሪው ሲያወራ እንዲገባዎት።

ጠዋት ከሆነ መጀመሪያ የምጠይቀው ባክአፑ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ነው። ሲጀመር ሌሊት አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ባክአፕ ዳታው ሲያድግ እስከ ሥራ መግቢያ ድረስ ይዘልቃል። ማይኤስኪውኤል ዳምፕ የሚባለውን መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ (ዳታቤዙ እንደ አንድ ሥራ በሚቆጥረው ጥቅል ውስጥ) እንዲያነብ ካልታዘዘ በስተቀር ሰንጠረዦቹን ቆልፎ ነው የሚገለብጠው። በዚህ መሃል ማንበብ ይቻላል፤ መጻፍ አይቻልም። አዲስ ትዕዛዝ ለማስገባት የሚሞክር ሠራተኛ ደርቆ ይቀራል ማለት ነው። ደብተሩ ላይ «ማየት ይቻላል፣ ማስገባት ግን እንቢ አለ» የሚል ነገር ካገኙ እዚህ ጋ ይመልከቱ።

ወር መጨረሻ ከሆነ ሪፖርት ነው የምጠረጥረው። ኢንዴክስ ማለት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው፤ ሙሉውን ሳያገላብጡ ገጹን ያሳያል። ኢንዴክሱ ኖሮም የማይሠራበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ፕሮግራመሩ «ቀኑ ከዚህ እስከዚህ ያለውን አምጣ» ከማለት ይልቅ «ከቀኑ ውስጥ ወሩን አውጣና ወሩ ይሄ የሆነውን አምጣ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ለሰው አንድ ናቸው። ለዳታቤዙ ግን ሁለተኛው እያንዳንዱን መስመር ከፍተህ ወሩን አስላ ማለት ነው። ዳታው ትንሽ ሳለ ማንም አያስተውለውም። ከዓመታት በኋላ ሪፖርቱ ሰርቨሩን አንቆ ይይዛል። የስልክ ቁጥርን በጽሑፍ መልክ አስቀምጦ እንደ ቁጥር መፈለግም ያው ነው፤ ኢንዴክሱ እያለ ሙሉው ሰንጠረዥ ይታሰሳል። የዚህ ዓይነት ጥፋት ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ማግኘቱ ነው ሥራው።

የፕሮግራመሮቹና የልጁ ጭቅጭቅም ምክንያት አለው። አንዳንዴ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ገጽ 50 ትዕዛዝ ያሳያል እንበል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ 50ዎቹን በአንድ ጥያቄ ያመጣል። ከዚያ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ለማምጣት 50 ጊዜ ደግሞ ይመላለሳል። ባንድ ገጽ 51 ጥያቄ ሆነ። እያንዳንዱ በጣም ፈጣን ነው፤ ስሎው ኩዌሪ ሎግ ላይ አንዱም አይታይም። ፕሮግራመሩ ኮዱን ሲያይ «ይህ እኮ ሁለት ሚሊሰከንድ ነው» ይላል። ልጁ ሰርቨሩን ሲያይ ሲፒዩው (ሒሳቡን የሚሠራው አካል) ጣሪያ ነክቷል። ሁለቱም የሚያዩት እውነት ነው። ይህን የሚያወጣው ፐርፎርማንስ ስኪማ የሚባለው የማይኤስኪውኤል ክፍል ነው፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ሰብስቦ በድምሩ ስንት ጊዜ እንደፈጁ ያሳያል። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «መጀመሪያ ምን ታያለህ?» ሲሉት ስሎው ሎግን ብቻ የሚጠራ ሰው ግማሹን መንገድ ነው የሚያውቀው።

አንድ ሌላ ምልክት ልጨምር። ሠራተኞቹ «ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ቆሞ ከዚያ ስህተት አወጣ» ካሉ ያ ቁጥር በአጋጣሚ አይደለም። ኢኖዲቢ አንድን የተቆለፈ መስመር የሚጠብቀው ካልተቀየረ 50 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ይተወዋል። ያኔ ችግሩ የፍጥነት ሳይሆን የመቆላለፍ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሳይዘጋ የሚቀመጥ ፕሮግራም አለ። ምንም ያህል ራም ቢገዙ አይፈታም።

አሁን ሰውየውን ወደ መምረጥ።

መጀመሪያ በዚሁ በማይኤስኪውኤል የሠራ ሰው ይፈልጉ። ኦራክል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ 15 ዓመት የሠራ ጎበዝ ባለሙያ መሠረቱን ያውቃል፤ ግን ዝርዝሩን በእናንተ ሰዓት ነው የሚማረው። የትኛውን ስሪት እንደምትጠቀሙም ቀድመው ይንገሩት። 5.7 ከሆነ መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2023 እንዳበቃ ሊነግርዎት ይገባል፤ ካልነገረዎት ልብ ይበሉ።

ሰርተፊኬት አልንቅም፤ ግን ብዙም አልመዝነውም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ደብተሩን፣ የሰርቨሩን መጠንና የችግሩን ሰዓት በአንድ ገጽ እጽፍና ለሦስት ሰዎች እልካለሁ። ከዚያ ማን ምን እንደመለሰ አያለሁ። አንዱ «በሦስት ቀን 10 እጥፍ ፈጣን አደርገዋለሁ» ይላል። ያንን እተወዋለሁ። ምን እንደሆነ ሳያይ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ከየት አወቀ? ሌላው «ማይኤስኪውኤል አይሆንም፣ ወደ ሌላ ዳታቤዝ እናዛውር» ይላል። እሱንም እተወዋለሁ፤ ኢንዴክስ የጎደለው ሰንጠረዥ የትም ቢሄድ ኢንዴክስ የጎደለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄ ይልካል። «ባክአፑ ስንት ሰዓት ነው? ትልቁ ሰንጠረዥ ስንት መስመር አለው? ሪፖርቶቹ ከዚያው ሰርቨር ነው የሚወጡት? ዲስኩ ምን ዓይነት ነው? ኮዱን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ማነው?» ይህ ሰው ነው የሚቀጠረው። በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ ከጠየቀ።

ከዚያ በስልክ ያነጋግሩት። «የሠራኸው ሥራ ተበላሽቶብህ ያውቃል? ምን አደረግህ?» ይበሉት። አያውቅም ካለ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ አይናገርም። ደግሞም በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ይችል እንደሆነ ይዩ። እርስዎ የቴክኒክ ሰው አይደሉም፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ለእርስዎ ማስረዳት ያቃተው ሰው ፕሮግራመሮቹንም አያሳምንም።

ስለ ክፍያ። ሥራውን በሁለት ምዕራፍ ይከፋፍሉት። የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ ቁርጥ ዋጋ፣ ቁርጥ ቀን። ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ይበቃዋል። በመጨረሻ የሚያስረክበው ሰነድ ነው፦ ያገኘው ችግር ምንድን ነው፣ ማስረጃው ምንድን ነው፣ መፍትሔው ምንድን ነው፣ ቢሳሳት እንዴት ይመለሳል፣ የቱ ይቀድማል። ሰነዱ የእናንተ ነው፤ ማስተካከሉን እሱም ይሥራው፣ ሌላም ይሥራው። ሁለተኛው ምዕራፍ ማስተካከሉ ነው። እሱ በሰዓት ቢከፈል ችግር የለውም፤ ግን ጣሪያ ያስቀምጡለት። ከዚያ በላይ ሲሄድ አስቀድሞ ያስፈቅድ።

«በተሻሻለው ፐርሰንት ልክ እከፍላለሁ» የሚሉ ቀጣሪዎች አሉ። ብልጠት ይመስላል፤ አያዋጣም። አማካሪው ቁጥሩ ቶሎ የሚያምርበትን ቦታ ይመርጣል። ማንም የማይከፍተውን ገጽ 100 እጥፍ ያፈጥንና ሒሳብ ይጠይቃል።

ሰርቨሩን ስለ መክፈት የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ደስ ብሎኛል። መፍራትዎ ልክ ነው። ሩት የሚባለውን የበላይ ፓስዎርድ ለማንም አይስጡ፤ ለእኔም ቢሆን። በራሱ ስም የተለየ አካውንት ይከፈትለት። በምርመራው ምዕራፍ ምንም የመለወጥ መብት አያስፈልገውም። የሚፈልገው የፐርፎርማንስ ስኪማውን፣ የሴቲንጎቹንና የሰንጠረዦቹን አሠራር ማየት ነው። የደንበኞችን ስምና ስልክ ማየት የግድ አይደለም። አንድን ጥያቄ ዳታቤዙ በምን መንገድ እንደሚፈጽመው የሚያሳየውን ፕላን ልጃችሁ ራሱ አውጥቶ ሊሰጠው ይችላል። ስክሪን እያጋሩ አብረው ቢሠሩም ይሆናል፤ እንዲያውም ልጁ ይማርበታል።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር ግን አለ። ስሎው ኩዌሪ ሎግ ራሱ የደንበኛ መረጃ ይይዛል። ሠራተኛው የፈለገው ስልክ ቁጥር፣ የተጻፈው ስም፣ እንዳለ ይመዘገባል። ፋይሉን ጥሬውን በኢሜይል እንዳትልኩ። ማይኤስኪውኤል ዳምፕ ስሎው የሚባል አብሮት የሚመጣ መሣሪያ አለ፤ ቁጥሩንና ጽሑፉን በምልክት ተክቶ ያጠቃልለዋል። እሱን ይላኩ። የምሥጢር ጥበቃ ውልም ይፈርም፤ ግን ወረቀቱ ከአካውንቱ ገደብ አይበልጥም።

ወደ ማስተካከል ሲገባ ደግሞ አንድ ሕግ ያስቀምጡ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ፣ በጽሑፍ፣ መመለሻው ከጎኑ ተጽፎ። 20 ሴቲንግ ባንዴ የለወጠ ሰው ቢያሻሽለውም የቱ እንደሠራ አያውቅም። ከዚያ በፊት ባክአፑ በእርግጥ ሌላ ሰርቨር ላይ ተመልሶ እንደሚነሳ ይሞከር። «ባክአፕ አለን» እና «ባክአፑን መልሰን አይተነዋል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመምከር ብቻ አይደለም። አንድ ድርጅት ውስጥ የማያስፈልጉ ኢንዴክሶችን ሳጸዳ ሦስቱን አጠፋሁ። ሲስተሙ «እነዚህን ማንም አልተጠቀመባቸውም» የሚል ዝርዝር ይሰጣል፤ ዝርዝሩን አመንኩ። ያልጠየቅሁት ነገር ዝርዝሩ የሚቆጥረው ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ መሆኑን ነበር። ሰርቨሩ የተነሳው ከ12 ቀን በፊት ነው። ከሦስቱ አንዱ የሚፈለገው በወር አንድ ጊዜ፣ ሒሳብ ሲዘጋ ብቻ ነበር። አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሪፖርት እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ስልክ ሲደውልልኝ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሥራውን በነፃ ጨረስኩላቸው። ከ8.0 ጀምሮ ማይኤስኪውኤል ኢንዴክስን ሳያጠፉ መሰወር ያስችላል፤ ኢንዴክሱ በቦታው አለ፣ ዳታቤዙ ግን አይጠቀምበትም። አሁን ሰውሬ አንድ ሙሉ ወር እጠብቃለሁ፤ ማንም ካልጮኸ ነው የማጠፋው። አማካሪዎ «አይፈለግም» ብሎ ማንኛውንም ነገር ሊያጠፋ ሲነሳ «ወር መጨረሻን አይተሃል?» ይበሉት።

ፕሮግራመሮቹንና ልጁን አስቀድመው ያነጋግሯቸው። ከውጭ ሰው ሲመጣ ጥፋተኛ ሊፈለግ የመጣ ነው የሚመስላቸው፤ መረጃም ይደብቃሉ። ዳኛ እንዳልጠሩ ይንገሯቸው። ምርመራው ላይ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

«ተስተካክሏል» የሚለውን ማን ይወስናል? ደብተሩ። ያው ገጽ፣ በዚያው ሰዓት፣ በእነዚያው ሠራተኞች እንደገና ይለካ። በአማካይ አይታለሉ። ዘጠኙ ገጽ በአንድ ሰከንድ ተከፍቶ አሥረኛው 31 ሰከንድ ከቆየ አማካዩ አራት ሰከንድ ነው፤ አራት ሰከንድ የጠበቀ ሰው ግን አንድም የለም። ስለዚህ የተባባሰውን ይዩ፤ ከ100 ገጽ 95ቱ በስንት ሰከንድ ውስጥ ተከፈቱ ብለው ውሉ ላይ ያስፍሩ።

የእናንተ ችግር ወር መጨረሻ ላይ ስለሚብስ የመጨረሻውን ክፍያ ከሥራው ማለቂያ ቀን ጋር አያያይዙት። አንድ ወር መጨረሻ አልፎ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ይከፈል። አስቀድመው ካስረዱት በሥራው የሚተማመን ባለሙያ አይከፋውም። በዚያው ዕለት አካውንቱም ይዘጋ።